ቸርችልን ያሰናበቱት ውለታ ቢሶች አልነበሩም

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «አንቺ እዚያው አገር ስላለሽ እስቲ አንብቢውና ንገሪኝ» ብላ። ጽሑፉ በ1945 ብሪታንያ ውስጥ ስለተካሄደው ምርጫ ነው። አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ባጭሩ ልንገራችሁ። የእንግሊዝ ሕዝብ ከሂትለር ያዳነውን ዊንስተን ቸርችልን ጦርነቱ እንዳለቀ አሽቀንጥሮ ጣለው፣ ይህ ውለታ ቢስነት ነው ይላሉ ጸሐፊው። ምርጫውን የወሰኑት በግራ ዘመም አስተማሪዎች የተሰበኩ ወታደሮች ናቸው። የመጣው የሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) መንግሥት የሠራው ቀድሞ የታቀደውን ነው፤ የራሱ የሆነው ውርስ ብቻ ነው፣ እሱም የደርግ ዓይነት ውርስ። ባዶ ካዝና ይዞ የነጻ ጥርስና የነጻ መነጽር ሲያድል አገሩን አከሰረ፣ ጀርመንም ቀደመችው። በመጨረሻ ሕዝቡ ተጸጽቶ በ1951 ቸርችልን መለሰው።

ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ ተጽፏል። ጸሐፊው ብዙ እንዳነበቡም ያስታውቃል። መልስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ለንደን ነው የምኖረው፣ ሥራዬም ሆስፒታል ውስጥ ነው። ያ ምርጫ የወለደው ቤት ውስጥ እንጀራዬን እየበላሁ ስለሆነ ታሪኩን ለዓመታት ሳነበው ኖሬአለሁ። (አንባቢ እንዳይምታታበት፣ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከውለታው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና።

ሕዝቡ ቸርችልን አልጠላውም። በምርጫ ዘመቻው በሄደበት ሁሉ ሰዉ መንገድ ዳር ወጥቶ ያጨበጭብለት ነበር። በራሱ የምርጫ ክልል በዉድፎርድ፣ ሌበርም ሊበራልም ለክብሩ ሲሉ ተወዳዳሪ አላቆሙበትም። ይሁንና እዚያው ዉድፎርድ አንድ ብዙም የማይታወቅ የግል ተወዳዳሪ ከ10,000 በላይ ድምፅ አገኘ። ሰዉ ለሰውየው እያጨበጨበ ፓርቲውን፣ ወግ አጥባቂውን፣ «አይ፣ አንተን አልመርጥም» ይል ነበር።

ለምን? ጸሐፊው ታሪኩን ከ1940 ይጀምሩታል። መራጩ ግን ከ1918 ጀምሮ ነው የቆጠረው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመለሱ ለጀግኖች የሚገባ ቤት ትሠራላችኋለች ተብለው ነበር፣ አገራቸው። የተከተለው ሥራ አጥነት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሥራ አጡ ቁጥር ወደ 3 ሚሊዮን ተጠጋ። የድጎማ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ የቤተሰብ ገቢ ምርመራ የሚባል ነገር ነበር። መርማሪው ቤት ድረስ ይመጣል። ልጅህ ስንት ያገኛል? ይህ ወንበር ለምን አልተሸጠም? ልጅየው ጥቂት ሺሊንግ ካገኘ የአባትየው ድጎማ ይቀነሳል። አባት በልጁ ደሞዝ ሲተዳደር፣ ልጅ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ ያየ ሰው ያንን አይረሳም። በ1936 ከጃሮ ከተማ 200 ሥራ አጥ ወንዶች ሥራ ስጡን ብለው አቤቱታ ይዘው እስከ ለንደን በእግራቸው ተጓዙ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ብዙውን ጊዜ፣ ብቻውንም ሆነ በጥምረት፣ አገሩን የመራው የቸርችል ፓርቲ ነው።

ቸርችል ራሱም አላገዘም። ሰኔ 4 ቀን 1945 በሬዲዮ ቀርቦ ሶሻሊስቶች ሥልጣን ከያዙ አንድ ዓይነት ጌስታፖ (የሂትለር የምስጢር ፖሊስ) ማቋቋማቸው አይቀርም አለ። ይህን የተናገረው ለአምስት ዓመት በጥምር መንግሥቱ የጦር ካቢኔ አብረውት ስለሠሩ ሰዎች ነው! የሌበሩ መሪ ክሌመንት አትሊ ምክትሉ ነበር። ኧርነስት ቤቪን የአገሩን የሰው ኃይል ያንቀሳቀሰለት ሚኒስትሩ ነበር። አትሊ በማግስቱ በዚያው ሬዲዮ ረጋ ብሎ መለሰ። በጦርነቱ መሪ ቸርችልና በፓርቲ መሪው ሚስተር ቸርችል መካከል ያለውን ልዩነት ለመራጩ ስላሳየን እናመሰግነዋለን አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ቀጥሎ ወታደሮቹ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቁጥር አላስቀመጡም። እኔ ላስቀምጥ።

በምርጫው 25 ሚሊዮን ገደማ ሰው ድምፅ ሰጠ። የወታደሩ ድምፅ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሌበር 12 ሚሊዮን ያህል፣ ወግ አጥባቂዎቹ ከነአጋሮቻቸው 10 ሚሊዮን ያህል አገኙ። እንበልና እያንዳንዱ ወታደር ሌበርን መረጠ። ያንን በሙሉ ከሌበር ላይ ቀንሱት። 10.3 ሚሊዮን ይቀራል። አሁንም የሚመራው ሌበር ነው። ወታደሩ በብዛት ወደ ሌበር ማዘንበሉ እውነት ነው፤ ወሳኙ እሱ ነበር ማለት ግን ሂሳቡ እንቢ ይላል።

«ተሰበኩ» የሚለውም አያስኬድም። በ1941 በሠራዊቱ ውስጥ ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚያወያይ ቢሮ መቋቋሙ ልክ ነው። ግን ይኸው ቢሮ በ1942 መጨረሻ ዊልያም ቤቨሪጅ ለመንግሥት ያዘጋጀውን የማኅበራዊ ዋስትና ሪፖርት ባጭሩ የሚያስረዳ መጽሔት ሲያወጣ የጦር ሚኒስቴር ሰበሰበው። ሊሰብክ የፈለገ መንግሥት እንዲህ አያደርግም። ሲቪሉስ? የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ከ1943 ጀምሮ ሌበር እየመራ መሆኑን ያሳዩ ነበር፣ ፖለቲከኞቹ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም እንጂ። በሚያዝያ 1945፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በቼምስፎርድ በተደረገ የማሟያ ምርጫ የወግ አጥባቂው መቀመጫ ኮመን ዌልዝ በሚባል አዲስ የግራ ፓርቲ ተወሰደ። ስለዚህ የሆነው ድንገተኛ ነገር አልነበረም። ሐምሌ 5 ድምፅ ተሰጠ። ከየጦር ግንባሩ የሚመጣው ድምፅ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ተጠብቆ ሐምሌ 26 ውጤቱ ተነገረ። ሌበር 393 መቀመጫ። በፊት የነበረው 154 ነው። ቸርችል ከስታሊንና ከትሩማን ጋር ፖትስዳም ላይ ስብሰባ አቋርጦ ነው ለውጤቱ የመጣው። ወንበሩ ላይ ተመልሶ የተቀመጠው አትሊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። አዲሱ መንግሥት የታቀደውን ነው የፈጸመው፣ ቸርችልም ቢመረጥ ያው ነበር ይላሉ። ከጽሑፉ ጠንካራው ክፍል ይህ ነው። ግማሹ እውነት ስለሆነም ነው ጠንካራ የሆነው።

እውነቱን ልስጥ። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የወግ አጥባቂው የበትለር ሥራ ነው። የልጆች አበል ሕግ የጸደቀው በሰኔ 1945፣ ከምርጫው በፊት ነው። ቤቨሪጅ ራሱ ሊበራል ነበር፤ እንዲያውም በዚያው ምርጫ መቀመጫውን አጥቷል። እጦት፣ በሽታ፣ ድንቁርና፣ የመኖሪያ ጉስቁልናና ሥራ ፈትነት፣ እነዚህን አምስት ጠላቶች እንዋጋ ያለው የእሱ ሪፖርት ከ600,000 ቅጂ በላይ ተሽጧል። የመንግሥት ሪፖርት እኮ ነው! ሰው ልብ ወለድ እንደሚገዛ ነው የገዛው።

ግን ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? በየካቲት 1943 ፓርላማው ሲወያይበት የቸርችል መንግሥት «እናየዋለን፣ ገንዘቡ ካለ» የሚል ዓይነት መልስ ነው ይዞ የቀረበው። 121 አባላት መንግሥትን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ አብዛኞቹ የሌበር ሰዎች ነበሩ። ሕዝቡ ያንን አየ። ቃልና ተግባር የሚለያዩበትን ቦታ ከ1918 ጀምሮ ያውቀዋል፣ እንዳልኩት።

ከሁሉ በላይ ጤናው አለ። በ1944 ጥምር መንግሥቱ ያወጣው ዕቅድ ሆስፒታሎቹን በነበሩበት፣ በማዘጋጃ ቤቶችና በበጎ አድራጎት ማኅበራት እጅ ይተዋቸዋል። የሌበሩ የጤና ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን ግን ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ብሔራዊ አገልግሎት አደረጋቸው። (ቤቫንና ቤቪን ሁለት ሰዎች ናቸው። ጽሑፉ አንድ ቦታ ላይ አምታቷቸዋል።) ይህ «የታቀደ» ቢሆን ኖሮ ካቢኔው ውስጥ ክርክር ባላስነሳ ነበር። የገዛ ፓርቲው ትልቅ ሰው ኸርበርት ሞሪሰን ሆስፒታሎቹ ከማዘጋጃ ቤቶች መወሰዳቸውን ተቃውሟል። ወግ አጥባቂዎቹ ደግሞ በ1946 ረቂቁ ላይ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ንባብ ተቃውሞ ድምፅ ሰጥተዋል። ያው ይሆን ነበር ለሚሉት ጸሐፊ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያው ከሆነ ለምን ተቃወሙት?

ቤቫን ከየት አመጣው? ትሪዴጋር ከምትባል የዌልስ የድንጋይ ከሰል ከተማ ነው። ገና በልጅነቱ ማዕድን ጉድጓድ ገብቷል። በዚያች ከተማ ሠራተኛው ከደሞዙ ጥቂት ሳንቲም እያዋጣ፣ ሲታመም እሱም ቤተሰቡም የሚታከሙበት ማኅበር ነበር። ለእኛ ለመረዳት ቀላል ነው፤ የሕመም እድር በሉት። ያንን እድር ለአገሩ በሙሉ ማድረግ ነው የፈለገው። ሐኪሞቹ አመረሩ። በየካቲት 1948 ማኅበራቸው ባደረገው የድምፅ መለኪያ ከመለሱት 90 በመቶ ገደማው አንቀበልም አሉ። እሱም መደራደር ነበረበት። ታላላቆቹ ስፔሻሊስቶች የግል ሕክምናቸውን እንዲቀጥሉ ፈቀደ፤ የቤተሰብ ሐኪሞቹንም የመንግሥት ደሞዝተኛ ላያደርጋቸው ቃል ገባ። ሐምሌ 5 ቀን 1948፣ ምርጫው በተደረገ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ በሩ ተከፈተ።

ከዚያ በፊት የጤና መድን ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ከ1911 ጀምሮ ነበር። ግን ለሠራተኛው ብቻ ነበር። ሚስቱና ልጆቹ የሉበትም። አንዲት አሁን ከ90 ያለፈች ታካሚ አልጋዋን ሳነጥፍላት እናቷ መነጽር እንዴት እንደምትገዛ ነግራኛለች። ሱቅ ገብታ፣ ከተደረደረው እያነሳች እየሞከረች፣ ትንሽ ያሳያትን ይዛ ትወጣለች። ሐኪም አይቷት አያውቅም። በ1948 በሩ ሲከፈት በብዛት የመጡት እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ለዓመታት ማህፀናቸው እየወረደ፣ ጥርሳቸው እየበሰበሰ፣ ከልጆቻቸው አፍ ላለመንጠቅ ሲሉ የቻሉት። ጸሐፊው «የነጻ ጥርስና መነጽር እደላ» ብለው ሲያልፉ እነዚህን ሴቶች ነው ያለፏቸው። እውነት ለመናገር ደሜን ያፈላው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

በእንግሊዝና ዌልስ ከ1,000 ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ1945 46 ነበሩ። በ1951 30 ገደማ ሆኑ። ሁሉንም ለአንድ ሕግ አልሰጥም። ፔኒሲሊንም አለበት፣ የትምህርት ቤት ወተትም አለበት፣ አባት ሥራ ማግኘቱም አለበት። በነገራችን ላይ፣ ያን ወተት ለልጆቹ በነጻ ያደረገችው የትምህርት ሚኒስትሯ ኤለን ዊልኪንሰን ናት። የጃሮ ተወካይ ነበረች፣ ከሰልፈኞቹም ጋር ተጉዛለች።

የደርጉን ንጽጽር ባጭሩ ልለፈው። የኢትዮጵያ አንባቢ «ውርስ» ሲባል በ1967 ዓ.ም. የሆነው ትዝ ይለዋል፣ ቃሉም ለዚህ የተመረጠ ይመስለኛል። የእንግሊዙ ግን ሌላ ነው። ማዕከላዊ ባንኩን፣ ከሰሉን፣ ባቡሩን መንግሥት ሲወስድ ለባለቤቶቹ ካሳ ከፍሏል። እንዲያውም ለባቡርና ለከሰል ባለቤቶች ብዙ ከፈለ ብለው የሚወቅሱ አሉ። ምን ምን እንደሚወስድ ከምርጫው በፊት በማኒፌስቶው ጽፎ አሳውቋል። በምርጫ መጣ፣ በምርጫ ሄደ፤ ከሱ በኋላ የመጣው መንግሥት ብረቱን መልሶ ሸጧል። ይህንና ያንን አንድ ቅርጫት ውስጥ መክተት ለሁለቱም ታሪክ አይበጅም።

አገሩ ከሰረ ወደሚለው ልምጣ። ችግሩ እውነት ነበር። ጦርነቱ ካዝናውን አሟጧል። በ1946 ከአሜሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ራሽን ያልነበረው ዳቦ ከ1946 እስከ 1948 በኩፖን ሆነ። የ1947ቱ ክረምት ከሰሉ አልቆ ፋብሪካ ዘጋ። በ1949 ፓውንድ ከ4.03 ዶላር ወደ 2.80 ወረደ። ቤትም ከተጠበቀው በታች ነው የተሠራው። ምንም እንኳ በስድስት ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቢገነባም፣ ወረፋው አላለቀም፤ ሰዎች ባዶ የጦር ካምፕ ሰብረው እስከመግባት ደርሰው ነበር። ያገቡ ሴቶችንም አዲሱ መድን የባላቸው ጥገኛ አድርጎ ነው የቆጠራቸው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ያከሰራቸው ጥርስና መነጽር ነው ማለትን ግን አልቀበልም። ያ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ከአሜሪካ ምግብና ጥሬ ዕቃ ለመግዛት፣ በየባሕር ማዶው የተበተነውንም ጦር ለመቀለብ ነው የሄደው። በ1951 ለኮሪያ ጦርነትና ለሚከተለው ተብሎ የሦስት ዓመት የጦር መሣሪያ ዕቅዱ ወደ 4.7 ቢሊዮን ፓውንድ ከፍ ተደረገ። ያን ለመሸፈን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂው ጌትስኬል በጥርስና በመነጽር ላይ ክፍያ ጣለ። ከክፍያው የሚገኘው ከጦሩ ወጪ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ቤቫን በዚህ ተናዶ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ጀርመንስ? ጸሐፊው ጀርመን የቀደመችው ድጎማ ስላላበዛች ነው የሚል ነገር ጣል አድርገዋል። ግን የግዴታ የጤና መድን ያቋቋመችው ቀዳሚዋ አገር እኮ ጀርመን ናት፤ በ1883፣ በቢስማርክ ዘመን! ምዕራብ ጀርመን ይህንን ይዛ ነው ያደገችው። ያልነበራት ጦር ነው፤ እስከ 1955 ሠራዊት አላቋቋመችም። ንጽጽሩ የሚያሳየው ነገር ካለ ከጸሐፊው በተቃራኒ ነው።

ያ መንግሥት ለኔ ቅዱስ አይደለም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የራሱ ቅሬታ አለው። ጸሐፊው ይህን አለማንሳታቸው ገርሞኛል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ቤቪን በ1946 የሶማሌ ግዛቶችን ኦጋዴንን ጨምሮ በአንድ ሞግዚትነት ሥር ለማዋሐድ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ነው። ኢትዮጵያ እንቢ አለች። ኦጋዴን የተመለሰው በ1948 ነው፤ ሐውድ ደግሞ እስከ 1955 በእንግሊዝ እጅ ቆይቷል። ለሠራተኛው የእንግሊዝ ልጅ ወተት የሰጠው መንግሥት ለኛ ይህ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ለማመን ሌላውን መደበቅ አያስፈልገኝም።

የቀረው የ1951ቱ «ጸጸት» ነው። በዚያ ምርጫ ሌበር 13.9 ሚሊዮን ድምፅ አገኘ። ወግ አጥባቂዎቹ 13.7 ሚሊዮን። አዎ፣ የተሸነፈው ፓርቲ ነው የበለጠ ድምፅ ያገኘው። በ1945 ካገኘውም ወደ 2 ሚሊዮን ይበልጣል። የምርጫ ክልሎቹ አከፋፈል ለቸርችል 321፣ ለሌበር 295 መቀመጫ ሰጠ። ሕጉ ነውና ቸርችል በሕጋዊ መንገድ ገባ። ይህን ግን «ሕዝቡ ተጸጸተ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ቸርችል ተመልሶ ምን አደረገ? በ1952 በመድኃኒት ማዘዣ ላይ አንድ ሺሊንግ ክፍያ ጨመረ። ሆስፒታሎቹን ግን አልመለሰም፤ የተቃወመውንም ሕግ አልሻረም። በ1953 መንግሥቱ የጤና አገልግሎቱን ወጪ የሚመረምር ኮሚቴ በምጣኔ ሀብት ምሁሩ በጊልቦ ሰብሳቢነት አቋቋመ። ብክነት ይገኝበታል የሚል ተስፋ የነበራቸው ብዙ ነበሩ። ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ በ1956 ሪፖርቱን አቀረበ። የአገልግሎቱ ወጪ ከአገሩ ገቢ አንጻር ሲታይ ከ3.75 በመቶ ወደ 3.25 በመቶ ወርዷል አለ። ብክነት የሚባል ነገር አላገኘም። ይልቅ ለሆስፒታል ግንባታ የሚወጣው ገንዘብ አንሷል፣ ጨምሩ አለ።